«እረኛዬ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
መዝሙር 23ን ከመንዝ ደጋ ሆነን ስናነብ

በወጣቶች ኅብረት የግጥም ምሽት ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ፣ ሦስት አራት ግጥም ከተነበበ በኋላ መዝሙር 23 መምጣቱ እንደማይቀር ታውቃላችሁ። እረኛው፣ ለምለሙ መስክ፣ የረጋው ውኃ ይጠራሉ። አንባቢው ድምፁን ያለሰልሳል፤ ኪቦርዱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይገባል፤ እኛም ዐይናችንን ጨፍነን እናርፋለን። ማረፋችን መልካም ነው፤ መዝሙሩ ለደከመ ሰው የተሰጠ ነውና። ግን አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ፦ ይህን ያህል የደጋገምነው «እረኛ» የሚለው ቃል በአፋችን ቀልሎ ይሆን?

በከተማ ላደገ ወጣት እረኛ ብዙ ጊዜ ሥዕል ነው፤ በግድግዳ ካላንደር ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ግልገል በትከሻው ተሸክሞ፣ በንጹሕ ሣር ላይ የቆመ ጎልማሳ። ብዙዎቹ የወጣት ግጥሞቻችንም ይህንኑ ሥዕል በቃል ይገለብጣሉ። አሁን ግን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ወደ መንዝና ወደ ግሼ በሐሳብ ውጡና ቃሉን እዚያ ስሙት። እዚያ እረኛ በአብዛኛው ልጅ ነው። ማለዳ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ በጎቹን ያወጣል። ከዝናብ የምታስጥለው ከሣር የተሠራች ገሳ ናት፤ ስንቁ ቆሎ፣ መሣሪያው ዱላና ወንጭፍ ነው። በግ ቢጎድል ማታ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመንዝ በግ ለቤቱ ቀላል ሀብት አይደለም፤ ሥጋው ይበላል፣ ሲቸግር ገበያ ይወጣል፣ ጸጉሩም ተፈትሎ ባና ይሆናል። ያን ሁሉ ንብረት የሚጠብቀው ግን ከቤቱ ሰው ሁሉ ትንሹ ነው።

ይህ ከመጽሐፉ ያራቀን ከመሰላችሁ 1ኛ ሳሙኤል 16ን ግለጡ። ነቢዩ ሊቀባ ሲመጣ የእሴይ ሰባት ልጆች በፊቱ አለፉ። ስምንተኛው ከበጎች ጋር ስለ ነበር እንዲጠራ እንኳ ያሰበ አልነበረም። በምዕራፍ 17 ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ሊያዋርደው ሲፈልግ የሚያነሣበት ነገር እነዚያኑ ጥቂት በጎች ነው። ዘፍጥረት 31 ላይ ያዕቆብ ለላባ የሚያሰማውን ምሬትም አንብቡ፤ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ውርጭ፣ የራቀውን እንቅልፍ፣ አውሬ የሰበረውን ከራሱ የከፈለበትን ዘመን ይቈጥርበታል። የመንዝ እረኛ ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እንግዲህ ዳዊት ፈጣሪውን «እረኛዬ» ሲል የጠራው እርሱ ራሱ በተናቀበት ሥራ ስም ነው። ሰማይን የሠራውን አምላክ ውርጭ ውስጥ አቆመው። የመዝሙሩ ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ ካላንደሩ የሚሰውርብንም ይህን ነው። ከዳዊት ልጅ ብዙ ዘመን በኋላ በዮሐንስ 10 ጌታ ኢየሱስ ያንኑ ስም ለራሱ ወስዶ ነፍሱን ስለ በጎቹ እንደሚያኖር ሲናገር፣ መዝሙሩ ውስጥ የተዘራው ዝቅታ መስቀሉ ላይ ደርሶ ይታያል።

ስለ ቃሉ ራሱ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። በአገራችን ትውልድ ከትውልድ ሕፃናት ንባብ የሚያጠኑበት የግእዙ ዳዊት ይህን መዝሙር 22ኛ ብሎ ይቈጥረዋል። እዚያ «እረኛ» የሚል ስም የለም፤ ያለው «ይሬዕየኒ» የሚል ግስ ነው፤ ይጠብቀኛል፣ ያሰማራኛል ማለት ነው። አማርኛችን ስም አድርጎታል፤ ዕብራይስጡም ስም ስለሚጠቀም ትርጉሙ ትክክል ነው። ሆኖም ግእዙ የጠበቀልን ግስ ጠቃሚ ማሳሰቢያ ነው። ስም በግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል፤ ግስ ግን ዛሬ ጠዋት ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ይመልሳል። «እረኛዬ» የሚለውን ስትዘምሩ ከሥሩ ያለውን ግስ ስሙት።

ወደ መስኩ እንለፍ። በግጥሞቻችን «ለምለም መስክ» ብዙ ጊዜ የፈጣን በረከት ሌላ ስሙ ነው፦ ሥራ፣ ቪዛ፣ ትዳር፣ ቤት። በመንዝ ግን ለምለም ነገር እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር አንድ ስፍራ አለ፤ ጓሳ። ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። የአካባቢው ሰው ለብዙ ትውልዶች በራሱ ሥርዓት ጠብቆታል። መስኩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም ሣር አያጭድም። ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ የሚሆነው ያን ጊዜ ይወሰዳል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮውና ሣሩ ዛሬም እዚያ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በጓሳ ልምላሜ የተጠበቀ ነገር ነው። አንድ ሰው ጊዜው ሳይደርስ በጎቹን ቢነዳበት ለሁሉም ይጠፋል። ይህን ይዛችሁ ወደ መዝሙሩ ተመለሱ። በጉ መስኩን አይመርጥም፤ የሚያሰማራው እረኛው ነው። የተዘጋውን መስክ ማለፍም መመራት ነው። እግዚአብሔር አንዳንድ ነገር ሲዘጋባችሁ ጠላት ብቻ እንደ ዘጋው አድርገን የምንጽፍ ከሆነ፣ ከመዝሙሩ ግማሹን ብቻ አንብበናል። መንፈሳዊ ዕድገት ብዙውን ጊዜ የሚሆነው በተዘጋው መስክ ዳር ነው።

አሁን ከባዱን ጥያቄ አንሽሽ። ጉድለት የለብኝም ብሎ የሚጀምር መዝሙር በልግ በቀረበት ዓመት እንዴት ይነበባል? በመንዝ ደጋ የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭና በረዶ ገብሱን ሲመታ ጉድለት የሚታይ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. የአገራችን ረኀብ ከወሎና ከትግራይ ጋር ሰሜን ሸዋንም ደርሶበታል። መዝሙሩን እንደ ኢንሹራንስ ውል የሚያነብ እምነት በእንዲህ ያለ ዓመት ይሰበራል፤ አንዳንድ ወዳጆቻችንም ከኅብረታችን የራቁት እንዲህ ያለ ውል ስላስፈረምናቸው ሊሆን ይችላል።

መዝሙሩ ራሱ ግን ከእኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቁጥሮች ዳዊት የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ነው፤ እርሱ ያሰማራል፣ እርሱ ይመራል። በቁጥር 4 መንገዱ ወደ ሞት ጥላ ሸለቆ ይወርዳል። መርሐቤቴን በጀማና በወንጪት መካከል ከከበቧት ገደሎች ወደ አንዱ የወረደ ሰው ሸለቆ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ፀሐይ ቶሎ ትሸሻለች፣ ደጋው ይሰወራል፣ የሚታየው ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ልክ እዚያ ላይ የዳዊት ቋንቋ ይለወጣል። «እርሱ» ሲለው የነበረውን «አንተ» ይለዋል። በለምለሙ መስክ ስለ እረኛው ያወራ ነበር፤ በጨለማው ግን ለእረኛው ያወራል። መስኩ በሸለቆው ውስጥ የለም፤ የቀረው እረኛውና በትሩ ናቸው፤ ዳዊትም የሚጽናናው በእነርሱ ነው። በመጨረሻው ቁጥር ዳግመኛ ስለ እርሱ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ግን ምስክርነቱ ከሸለቆ የወጣ ሰው ምስክርነት ነው።

የጉድለት ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው እዚህ ይመስለኛል። መዝሙሩ ጎተራው ሁልጊዜ ሙሉ እንደሚሆን አይምልልንም፤ እረኛው እንደማይጎድል ግን ያረጋግጥልናል። ከዚህ ያነሰ ማጽናኛ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም።

ስለዚህ በኅብረታችሁ ለምትጽፉም ለምታነቡም ሁለት ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ግጥማችሁ «እረኛ» ብላችሁ ስትጽፉ ውርጩን፣ ዱላውን፣ ማታ በጎቹን የሚቈጥረውን ልጅ አስቡ፤ ቃሉ ክብደቱን ይመልሳል። በጽሞናችሁም መዝሙር 23ን ቀስ ብላችሁ አንብቡና «እርሱ» «አንተ» በሚሆንበት ስፍራ ቁሙ። ስለ እግዚአብሔር ብዙ መናገር የምንችል ወጣቶች ነን። ሸለቆው በደረሰ ጊዜ «አንተ» ብለን እንድንጠራው ከአሁኑ እንልመድ።