ሌሎች የጣሏቸው፣ ቬጋስ ያነሣቸው

ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ባገኝ ደስታዬ ነው፤ ከሥር ከመሠረቱ ልነግረው ነዋ! ላስ ቬጋስ ላይ፣ በኔቫዳ በረሃ መሀል፣ ቬጋስ ጎልደን ናይትስ የሚባል የበረዶ ሆኪ ቡድን ተመሠረተ። ሌሎች ክለቦች ይቅርብን ያሏቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ውድድር ጀመረ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ፣ በግንቦት 2018፣ ለሊጉ ዋንጫ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ይህን አንብቦ ምንም ሳይመስለው የሚያልፍ ሰው ቢኖር ሆኪን ስላላወቀ ነውና፣ ዛሬ ሳላሳውቀው አልለቀውም።

ሆኪን በጨረፍታ አይቶ «ኳሷ እንኳ አትታይም» ብሎ ቻናል የቀየረ ብዙ ነው። ትንሽ ታገሱት። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር የሆነ በረዶ ነው። ከየቡድኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 6 ሰው በስለት ጫማ ይንሸራተትበታል። የሚራኮቱባት ፐክ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ናት፤ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ፍሪዘር ውስጥ ትቆያለች፤ በዱላው አጥብቆ የመታት ተጫዋች በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋታል። ሩጫው አቅም ስለሚጨርስ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ የሚቆየው በአንድ ጊዜ 45 ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም፣ ዳኛም ሳያፏጭ፣ እሱ አጥሩን ዘሎ ሲወጣ ተተኪው ዘሎ ይገባል። ይህን ቅያሬ ብቻ ለማየት እንኳ አንድ ሙሉ ጨዋታ መቀመጥ አይቆጭም! በዚያ ዘመን በዓመት 82 ጨዋታ ይደረግ ነበር፤ ከዚያ አራት ዙር ጥሎ ማለፍ አለ፤ በየዙሩ 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል።

ላስ ቬጋስ ከዚያ በፊት በታላላቆቹ የአሜሪካ ሊጎች ውስጥ ምንም ቡድን ኖሯት አያውቅም። የቁማር ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ከያለበት የመጣ፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚሠራ ነው። ማን መጥቶ ያያል ተባለ። ነዋሪው ግን ስም እንኳ ላልወጣለት ቡድን ከ13 ሺህ በላይ የዓመት ትኬት ቀብድ ከፈለ። ቢል ፎሊ የተባሉት ባለሀብትም 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው በ2016 የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ የኤን.ኤች.ኤል 31ኛ ክለብ ባለቤት ሆኑ።

ዋናው ጉድ ያለው ተጫዋች አመራረጡ ላይ ነው። ነባሮቹ 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው «እነዚህን እንዳትነኩ» ብለው ስም አስመዘገቡ፤ ወይ 7 አጥቂ፣ 3 ተከላካይና 1 ግብ ጠባቂ፣ ወይ ደግሞ 8 ተጫዋችና 1 ግብ ጠባቂ። አዲሱ ክለብ ከቀሩት ውስጥ ከየክለቡ አንድ ሰው ይወስዳል። እስቲ በእኛው ፕሪሚየር ሊግ አስቡት፦ ጊዮርጊስም፣ ቡናም፣ ፋሲል ከነማም ምርጥ ምርጦቻቸውን ደብቀው «ከተረፉት አንድ አንድ ውሰድ» ቢሉት፣ በዚያ ስብስብ ደግሞ አንድ አዲስ ክለብ በዓመቱ ሊጉን ቢያንቀጠቅጥ!

ሥራ አስኪያጁ ጆርጅ መክፊ ክለቦቹን የያዛቸው በፍርሃታቸው ነው። እያንዳንዱ ክለብ የሚሳሳለት ሰው እንዳይነካበት «እሱን ተውልኝ፣ ይህኛውን ውሰድ፣ ጉርሻም እጨምርልሃለሁ» ይል ጀመር። ኮለምበስ በዓመቱ 6 ጎል ብቻ ያገባውን ስዊድናዊ ዊልያም ካርልሰንን እንዲወስዱለት አንደኛ ዙር የወጣቶች ምርጫ ዕጣውን፣ ማለትም ከአዳዲስ ወጣቶች የሚመርጥበትን ተራ፣ ጨምሮ ሰጠ። ፍሎሪዳ 30 ጎል ያገባውን ጆናታን ማርሸሶን ለማንም ክፍት አድርጎ ተወው፤ በዚያ ላይ ራይሊ ስሚዝን በአንድ የአራተኛ ዙር ዕጣ ለቀቀው። አናሃይም አንድ ውድ ደመወዝ ያለው ተከላካይ እንዲወሰድለት ሲል ሼይ ቴዎዶርን ምራቂ አድርጎ ሰጠ። ቴዎዶር ምራቂ! ዛሬ ከሊጉ ድንቅ ተከላካዮች አንዱ የሆነው ሰውዬ! ፒትስበርግም ሦስት ጊዜ ዋንጫ ያነሣውን ግብ ጠባቂ ማርክ አንድሬ ፍለሪን፣ ቦታውን ወጣቱ ማት መሪ ስለያዘው፣ የሁለተኛ ዙር ዕጣ መርቆ ሸኘው።

ካርልሰን፣ ማርሸሶና ስሚዝ በአንድ መስመር ተሰለፉ። ስድስት ጎል የነበረው ካርልሰን በቬጋስ የመጀመሪያ ዓመቱ 43 ጎል አገባ። አርባ ሦስት! የናቁት ያደርጋል ራቁት የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰውዬው በአንድ ክረምት አዲስ እግር አልበቀለለትም። ኮለምበስ ሳለ ጎል አግባ ተብሎ የሚጫወትበት ደቂቃ አልነበረውም፤ ቬጋስ ደግሞ ፐኩን ሰጥቶ «በል ሂድ» አለው። የዚህ ቡድን ምሥጢር ለእኔ ይኸው ነው። የሰው ልኩ የሚታወቀው ቦታ ሲሰጠው ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ከዚያ በፊት ቦታውን አላገኙትም። ራሳቸውን «ወርቃማ ውዳቂዎች» ብለው ሲጠሩ ስሙን እንደ ማዕረግ ነበር የተሸከሙት።

አሰልጣኙም ከዚያው ወገን ናቸው። ጄራርድ ጋላንት በኅዳር 2016 ፍሎሪዳን ይዘው ካሮላይና ላይ ተሸነፉ፤ በጨዋታው ማግሥት እንኳ ሳይሆን በዚያው ምሽት ተባረሩ። ሻንጣቸውን ይዘው ከስታዲየሙ ደጅ ታክሲ ሲጠብቁ የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞረ። እኒህን ሰው ነው ቬጋስ የቀጠረው፤ በዓመቱ መጨረሻ የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተብለው ጃክ አዳምስ ሽልማትን ወሰዱ።

አሁን ቀስ ብዬ የምነግራችሁ ቦታ ላይ ደርሰናል። ቬጋስ ውድድሩን ሊጀምር 5 ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ማታ፣ አንድ ታጣቂ ከሆቴል ፎቅ ላይ ሆኖ ለሙዚቃ ድግስ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈተ። በዚያን ሰሞን የሟቾቹ ቁጥር 58 ነበር፤ በኋላ በቁስላቸው ሳቢያ ያረፉት ተጨምረው 60 ደርሷል። ስታዲየሙ ከቦታው ብዙም አይርቅም። ከተማውን ገና በቅጡ ያላወቁት ተጫዋቾች ወደ ሆስፒታሎች፣ ደም ወደሚለገስባቸው ቦታዎችና ወደ ፖሊሶቹ ሄዱ። ከዚያ ከሜዳቸው ውጭ ሁለት ጨዋታ አደረጉ፤ ዳላስንም አሪዞናንም 2 ለ 1 አሸነፉ።

የመጀመሪያው የሜዳቸው ጨዋታ ኦክቶበር 10 ነበር፤ በእኛ መስከረም 30 ቀን 2010። ክለቡ ለዚያ ምሽት ያዘጋጀውን ፈንጠዝያ ሁሉ ተወው። በሜዳው ዙሪያ አጥር ላይ አንድም ማስታወቂያ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ብቻቸውን አልገቡም፤ በዚያች ሌሊት ሰው ያዳኑ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከጎናቸው ነበሩ። የ58ቱ ሟቾች ስም በነጩ በረዶ ላይ በብርሃን ተጻፈ። 58 ሰከንድ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ዴሪክ ኤንግላንድ ማይክራፎኑን ያዘ። ኤንግላንድ ያኔ የ35 ዓመት ተከላካይ ነበር። በወጣትነቱ እዚያው ቬጋስ በታችኛው ሊግ ተጫውቷል፣ ባለቤቱን ያገኘው እዚያ ነው፣ ቤቱም እዚያ ነው። ንግግር የሚያበዛ ሰው አይደለም። ቬጋስ ቤቱ መሆኗን፣ የተጎዱትን ለመደገፍ የተቻላቸውን ሁሉ እንደሚያደርጉ በአጭሩ ተናግሮ ጨረሰ።

ከዚያስ? በመጀመሪያዎቹ 11 ደቂቃዎች ውስጥ 4 ጎል! ቶማሽ ኖሴክ የክለቡን የመጀመሪያ የሜዳ ጎል አገባ። ሁለተኛውን ማን አገባ? ኤንግላንድ ራሱ! ጎል የማግባት ልማድ የሌለው ተከላካይ፣ ማይክራፎኑን ካስቀመጠ ብዙም ሳይቆይ! ደራሲ ይህን ጽፎ ቢያመጣ «አጋነንከው» ተብሎ ይመለስበት ነበር። ጨዋታው 5 ለ 2 አለቀ። ያ ሕዝብ ከዚያች ምሽት በኋላ ቡድኑን «የእኛ» አለ።

ከመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 8ቱን አሸነፉ፤ እንደዚያ የጀመረ አዲስ ክለብ በሊጉ ታሪክ አልነበረም። ይህ ደግሞ ግብ ጠባቂዎቻቸው እንደ ቅጠል እየረገፉ ነው። ፍለሪ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ፣ ማልኮም ሱባን ተጎዳ፣ ኦስካር ዳንስክ ተጎዳ፣ ማክሲም ላጋሴ ገባ፤ በኅዳር ዲላን ፈርጉሰን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ሳይቀር ኤድመንተን ላይ ተቀይሮ ግብ ላይ ቆመ። አምስት ግብ ጠባቂ፣ ያውም ዓመቱ ሳይጋመስ! ቡድኑ ግን አልተንገዳገደም። ለአዲስ ክለብ የመጀመሪያ ዓመት የድል ክብረ ወሰኑ 33 ነበር፤ እሱን ገና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አለፉት። በመጨረሻ 51 ድልና 109 ነጥብ ይዘው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ።

ያችን አንደኝነት ያረጋገጡበት ማርች 31 ደግሞ የራሷ ተአምር ናት። ከጨዋታው በፊት 58 ቁጥርን ማንም ተጫዋች ዳግመኛ እንዳይለብሰው አደረጉ፤ የሟቾቹን ስም የያዘ ባንዲራም ከጣሪያው ሰቀሉ። ከሳን ሆዜ ጋር 2 ለ 2 ላይ ሳሉ፣ ቬጋስ በአንድ ሰው ጎድሎ ሲጫወት፣ ካርልሰን ፐኩን ይዞ ብቻውን አፈተለከ። ግብ ጠባቂው ዘንድ ሲደርስ ዱላውን ወደ ኋላ መለስ አደረገና ፐኩን በገዛ እግሮቹ መሀል አሾልኮ ወደ ላይ ሰቀላት። ከመረቡ ጣሪያ ሥር ገባች። ይህን ጎል ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አልነግራችሁም!

ጥሎ ማለፍ ላይ ሎስ አንጀለስን 4 ለ 0 ጠረጓቸው፤ ፍለሪ በአራት ጨዋታ የገባበት 3 ጎል ብቻ ነው። ሳን ሆዜን በ6 ጨዋታ፣ ዊኒፔግን በ5 ጨዋታ አሰናበቱ። ወደ ፍጻሜው ያሳለፈችውን ጎል ያገባው ራያን ሪቭስ የተወለደው ዊኒፔግ ነው፤ በተወለደበት ከተማ የከተማውን ሰው ልብ ሰበረ። ከዚያ በፊት በመጀመሪያ ዓመቱ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ በ1968 የሴንት ሉዊሱ ብሉስ ነበር፤ ያኔ ግን ስድስቱ አዳዲስ ክለቦች በአንድ ምድብ ስለተሰበሰቡ አንዱ ማለፉ የግድ ነበር። ቬጋስን ግን ማንም በር አልከፈተለትም።

በፍጻሜው የገጠሙት ዋሽንግተን ካፒታልስን ነው። ወገኖቼ፣ ዋሽንግተንና ላስ ቬጋስ! በአሜሪካ አበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች ሁለቱ! በአንዱ ከተማ ታክሲ የሚነዳው፣ በሌላው ምግብ ቤት የከፈተው፣ በካዚኖ በፈረቃ የሚሠራው ዘመዳችን በሁለቱም በኩል ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ፍጻሜ ላይ ሌላም የሚያስደምመኝ ነገር አለ። በሊጉ ታሪክ የአዲስ ክለብ የከፋው የመጀመሪያ ዓመት የማን ነው ቢባል፣ በ1974/75 ከ80 ጨዋታ 8 ብቻ ያሸነፈው የዚሁ የካፒታልስ ነው። በዚያ ላይ መክፊ ወደ ቬጋስ ከመምጣታቸው በፊት ለረጅም ዓመታት ካፒታልስን የመሩ፣ ኮከቡን አጥቂ ኦቬችኪንን በ2004 የመረጡ ሰው ናቸው። በገዛ እጃቸው የኮተኮቱት ልጅ መጣባቸው።

ቬጋስ የመጀመሪያውን 6 ለ 4 አሸነፈ። በሁለተኛው፣ 3 ለ 2 እየተመሩ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ አሌክስ ተክ ባዶ የመሰለ ግብ አግኝቶ መታ፤ የካፒታልሱ ግብ ጠባቂ ሆልትቢ ተዘርግቶ በዱላው አወጣት። ከዚያች በኋላ ነገሩ ሁሉ ዞረ፤ ካፒታልስ አራቱን በተከታታይ ወስዶ ጁን 7 እዚያው ቬጋስ ላይ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። ሽንፈቱ ያማል፤ ዓመቱን ግን ቅንጣት ያህል አያሳንሰውም።

«ሕጉ ስለጠቀማቸው ነው» የሚል አይጠፋም። ሲያትል ክራከን በ2021 በዚያው ሕግ ተጫዋች መርጦ የመጀመሪያ ዓመቱን በ60 ነጥብ ጨረሰ። ሕጉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሌሎች ያላዩትን ያየው የመክፊ ዓይንና ልጆቹን የለቀቃቸው የጋላንት እጅ ነው። በ2023 ቬጋስ ፍሎሪዳን ረትቶ ስታንሊ ካፕን ሲወስድ ካርልሰን፣ ስሚዝ፣ ቴዎዶርና ማርሸሶ አሁንም እዚያው ነበሩ። የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ማርሸሶ ተባለ፤ ያ ፍሎሪዳ ክፍት አድርጎ የተወው ማርሸሶ!

እባካችሁ ተመልከቱት። ሆኪን ከዛሬው ሊግ አትጀምሩ፤ ከኦክቶበር 10 ቀን 2017 ጨዋታ ጀምሩ፣ ከዚያ ማርች 31፣ ከዚያ የዊኒፔግን አምስተኛ ጨዋታ እዩ። ቬጋስ ወይም ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ያኔ የት ሆኖ እንዳየው ጠይቁት።