ቁጥር የማይጻፍበት ዱንጉዛ

ሠዓሊ ሥራውን በተወሰነ ቅጂ ሲያሳትም ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ «7/50» ብሎ ይፈርማል፤ ከሃምሳው ሰባተኛው ማለት ነው። ከምስሉ ውበት ሌላ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው «ከዚህ በላይ አይታተምም» የሚለው ቃል ነው።

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ በጋሞዎቹ የጨንቻ ደጋ ያለው የዶርዜ ሸማኔ ግን ቁጥር አይጽፍም። በጋሞ ወግ ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ነው። ሸማኔው እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ፣ በበዓልና በክብር ቀን የሚለበሰውን ዱንጉዛ ይሠራል። ጥቁሩ፣ ቀዩና ቢጫው በየሥራው ይመላለሳሉ፤ የእጁ ምት ግን አይደገምም።

ዛሬ የዱንጉዛን መልክ የቀዳ የፋብሪካ ህትመት በርካሽ ይገኛል። ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፦ የታተመው ጀርባው ይደበዝዛል፤ የተሸመነው ቀለሙ ከክሩ ስለሆነ ከጀርባም ደማቅ ነው።

በአዲስ አበባው የሽሮ ሜዳ ገበያ ዋጋ ስንከራከር ይህን እናስታውስ፤ የምንገዛው የአንድ ሰው የድካም ቀናት ነው። እያንዳንዱ ዱንጉዛ «1/1» ነው፤ መጻፍ አያስፈልገውም።