ስፌት የሌለው ጣሳ

የለስላሳ ጣሳ ጎን በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ይላል። ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ዙሪያውን ብትዳስሱት ስፌትም ሆነ ብየዳ አታገኙበትም። አሜሪካዊው የኩርስ ቢራ ፋብሪካ በ1959 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለት ክፍሉን (ገላና ክዳን) የአሉሚኒየም ጣሳ ለገበያ ሲያቀርብ የተለመደው ጣሳ ከሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም ነበር።

ዛሬ ክብ ዝርግ አሉሚኒየም በመጀመሪያ ተጎድጉዶ እንደ ስኒ ይሆናል። ማሽኑ የብረት ክንዱን ስኒው ውስጥ ከትቶ፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀለበቶች ያሾልከዋል። መቀመጫው እንደ ወፈረ ይቀራል፤ ጎኑ ግን እየሳሳ ይረዝማል። ክንዱ ጫፍ ሲደርስ መቀመጫውን ከጉብታ ጋር አላትሞ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ ጣሳው የጋዙን ግፊት የሚችለው በዚህች ጉብጠት ነው። ከዚያ የታመቀ አየር ጣሳውን ከክንዱ ያላቅቀዋል፣ ሌላ ስኒ ይገባል። ይህ ሁሉ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ! ዓይን አይከተለውም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን እንከኑ ነው። አሉሚኒየሙ በየአቅጣጫው እኩል ስለማይለጠጥ የጣሳው አፍ ወጣ ገባ ጠርዝ ይዞ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያለው ማሽን እንደ ፀጉር አስተካካይ ዙሪያውን ይከረክመዋል።