ቆጠራው ከመመለሻው ይጀምራል

አላስካን አላውቃትም። ድብም በዓይኔ አላየሁም፤ በአገራችን የለም። ሆኖም ባለፈው ክረምት ሲያትል የምትኖር የእህቴ ልጅ ስለ አላስካ ድብ ደውላ ያማከረችው እኔን ነው። ከባሏ ጋር በመዝናኛ መርከብ ወደ ሰሜን ልትሄድ ቲኬት ቆርጣለች። መርከቡ ኬቺካንና ጁኖ በሚባሉ ከተሞች ለጥቂት ሰዓት ይቆማል። እዚያ ወርዶ፣ ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ድብ አይቶ መመለስ ይቻላል ብለዋታል። «አያ፣ ዋጋው የመርከቡን ቲኬት ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምን ይሉኛል፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ።

ራያ ውስጥ ሮቢት ቁጭ ብሎ ስለ አላስካ መምከር ለሰሚው ያስቃል። እኔን አላሳቀኝም፤ የጠየቀችኝ ዕድሜዬን የሠራሁበትን ጥያቄ ነው። ሹፌርም አስጎብኚም ሆኜ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደሴ አድርጌ ወደ ላሊበላ፣ አለዚያም በሮቢትና በቆቦ በኩል ወደ መቀሌ እንግዳ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ጊዜ የተረፈው እንግዳ አላጋጠመኝም። የሆቴሉ ቀንና የአውሮፕላኑ ሰዓት አስቀድሞ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። መሐል ላይ ግማሽ ቀን ትገኛለች። «በዚህች ግማሽ ቀን ምን አውሬ እናያለን?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ የአውሬ ስም ጠርቶ የሚመልስ ሻጭ ነው። አስጎብኚ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ላይ የት መገኘት አለብህ?» ብሎ ነው።

የአውሬን ሰዓት የተማርኩት ማሽላ ማማ ላይ ነው። በራያ ቆላ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል፤ ወንጭፍህን ይዘህ ማማ ላይ ትወጣለህ። ግሪሳ ቀኑን ሙሉ አይበላም። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ግራር ውስጥ ገብቶ ሲንጫጫ ይቆያል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይመጣል። ቀትር ላይ የተወነጨፈ ድንጋይ ክንድ ያደክማል እንጂ ወፍ አያባርርም። ኋላ ፈረንጅ ይዤ ስዞርም ከዚህ የተለየ ሕግ አላገኘሁም፤ አውሬ የሚገኘው በሚበላበት ቦታ፣ በሚበላበት ወርና በሚበላበት ሰዓት ነው። ሦስቱ ካልተገጣጠሙ የፈለገውን ያህል ቢከፈል የሚለወጥ ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ ወደኛ አገር የሚመጣ እንግዳ ጣርማበር ሲደርስ ምርጫ ይገጥመዋል። ዋናው መንገድ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሌላው ተገንጥሎ በደጋው ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ጓሳ አለ። ጓሳን የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ የተገኘበት በዚያ ጥበቃ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። እንግዳው ይህን ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ይተውና «ቀበሮ ብቻ!» ይላል።

እኔ መጀመሪያ የማሳየው ጭላዳን ነው። ጭላዳ ገደል ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ሣር ሲነጭ ውሎ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ሣሩ ባለበት አለ። መንጋው ብዙ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ዝም ብለህ ከተቀመጥክም አጠገብህ ድረስ እየበላ ይመጣል። ቀበሮዋ ደግሞ አይጥ ፍለጋ መንጋው መሐል ትገባለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓሳ ጥናት እንዳሳየው ብቻዋን ስታድን ከመቶ ሙከራዋ 25ቱ ሲሳካላት፣ ጭላዳ መሐል ሆና ስታድን 67ቱ ይሳካላታል። ስለዚህ ጭላዳን የተከተለ እንግዳ ቀበሮዋ ከመጣች ሁለቱንም ያያል፤ ከቀረችም በጭላዳው ረክቶ ይመለሳል። ቀበሮ ብቻ ብሎ የሄደው ሰው ግን እሷ ከቀረች ቀኑ ከሰረ። የትኛውንም ጉብኝት የምመዝነው በዚህ ነው፤ የተነገረለት አውሬ ቢቀር በእጄ ምን ይቀራል?

 

ላሊበላ ላይ ሒሳቡ ይከራል። እንግዳው ጠዋት ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል፤ በማግስቱ ይበራል። አብያተ ክርስቲያናቱን ሳያይ አይሄድም። አንድ አስጎብኚ ቢሮ፣ ስሙ ይቅር፣ በዚህች ጊዜ ውስጥ የአቡነ ዮሴፍ ተራራን ቀበሮ ጨምሮ ሸጦ ባልና ሚስት እንግዶች ልኮብኛል። አቡነ ዮሴፍ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፤ ላሊበላ 2,500 አካባቢ ነው። መኪና እስከሚችለው ሄዶ ቀሪው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር ትናንት የመጣ ሰው እዚያ ላይ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ባልና ሚስቱ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ፤ ቀበሮ አላዩ፣ ቤተ ጊዮርጊስንም የደረሱበት ሊመሽ ሲል ነው። የተቆጡት በእኔ ነበር፤ ቢሮው አዲስ አበባ ነው፣ አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ተራራው ላይ ለማደር ጊዜ ላለው ሰው ከአቡነ ዮሴፍ የሚበልጥ ቦታ በሰሜን አላውቅም። የአንድ ቀን እንግዳ ግን ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ቡናውን እየጠጣ፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ቢመለከት ይሻለዋል።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። «ልጄ፣ ድቡን ተዪውና መርከቡ ስንት ሰዓት ደርሶ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ንገሪኝ» አልኳት። ኬቺካን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፤ ጁኖ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት። ከዚያ ኔትዎርክ በተገኘ ቁጥር ስለ ድቦቹ ማንበብ ጀመርኩ።

ጭላዳ ሣሩን እንደሚከተል የአላስካ ድብ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ይከተላል። ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደተወለደበት ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ድቡ ወንዝ ዳር ይጠብቀዋል። እነሱ በሚሄዱበት በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ዋናው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጁኖ አጠገብ ያለችው አድሚራልቲ ደሴት ቡናማ ድብ ከሰው የሚበዛባት ናት፤ ፓክ ክሪክ የሚባለው መመልከቻ እዚያ ነው። ከጁኖ ውሃ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዋናው ወቅት በቀን ከ24 ሰው በላይ አያስገቡም። ራንግል በምትባል ከተማ አጠገብ ያለው አናን ደግሞ ጥቁሩም ቡናማውም ድብ በአንድ ወንዝ የሚያጠምዱበት ነው፤ እዚያም በወቅቱ ፈቃዱ በቀን 60 ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ «ሁልጊዜ ወንበር አለን» የሚል ሻጭ ወይ ሌላ ወንዝ ሊወስድህ ነው፣ ወይ ፈቃዱ በእጁ የለም። የጉብኝቱን ስም ትቶ የወንዙን ስም መጠየቅ ነው።

ከዚያ ወደኋላ ቆጠርን። ጁኖ ላይ መርከቡ 4 ሰዓት ከተነሣ 3 ተኩል ላይ በሩ ይዘጋል እንበል። 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ መሆን አለባት። ጉብኝቱ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ከቀኑ 7 ተኩል ቢነሡ 12 ተኩል ይመለሳሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተረፈ። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትገባው እነሱ ከተመለሱ በኋላ ቆይታ ስለሆነ ብርሃንም አያጥርም። ኬቺካን ላይ ግን የአራት ሰዓቱ ጉብኝት እንኳን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቢጀመር የመርከቡ በር እስኪዘጋ የሚተርፈው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ የጠዋት ጉም ደግሞ ይህችን በቀላሉ ይበላታል። «ኬቺካንን ሰርዢው» አልኳት፤ ድቡ ይኑር አይኑር ሳንነጋገር።

እንዲህ ስል ፈሪ እንዳልባል አንድ ነገር ላንሣ። ኬቺካን አካባቢ በ2015፣ በ2019 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የመዝናኛ መርከብ መንገደኞችን የያዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ወድቀዋል። በመጀመሪያው 9 ሰው፣ በቀሪዎቹ 6 6 ሰው ሞተ። ሦስቱም ድብ ሊያዩ የሄዱ አልነበሩም፤ ሚስቲ ፊዮርድስ የሚባለውን የባሕርና የገደል አገር አይተው ሲመለሱ ነው። በ2019 ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጩ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደመና ባለበት ተራራ ገጩ። የ2015ቱን የመረመረው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አብራሪው በመጥፎ አየር መቀጠሉን፣ ድርጅቱም እንዲህ ዓይነቱን በረራ የለመደ መሆኑን አገኘ። መንገደኞቹን ለመርከባቸው የማድረስ ጥድፊያም ከጫናዎቹ አንዱ ነበር።

ይህን ሳነብ ድልብ ፊቴ መጣ። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ከላሊበላ እየተመለስኩ እዚያ ላይ «ፍጠን፣ አውሮፕላን ያመልጠናል» ያለኝ እንግዳ ብዙ ነው። ሹፌሩ የሚፈተነው እዚያ ነው። እንግዳው ገንዘብ ከፍሏል፣ ጉርሻው ገና አልተሰጠም፣ ቢሮው ይደውላል። መብራት አብርቶ ጥግ ይዞ መቆም የሚችለው፣ ቢዘገይ የማይባረር ሹፌር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ደውላ እንድትጠይቅ የነገርኳት ዋና ጥያቄ ይህ ነበር፤ «አብራሪው አየሩ አላማረኝም ብሎ ቢቀር ገንዘቤ ሙሉ ይመለሳል?» ገንዘቡ የሚመለስለት እንግዳ አብራሪውን አያጣድፍም። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፤ በራስ የተገዛው ቢዘገይ ትቶ ይሄዳል። በመርከቡ ግዢ ብያታለሁ፤ ያም ሆኖ አብራሪው ላይ ያለውን ጥድፊያ ሙሉ በሙሉ አያነሣውም።

ክብደቷን ሲጠይቋት እንዳትሽኮረመምም ነገርኳት። አውሮፕላኑ ቢቨር ከሆነ የሚጭነው ስድስት ሰው ገደማ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቁት በየሰዉ ኪሎ ነው። እኔ በቅሎ ስከራይ የእንግዳውን ኪሎ በዓይኔ ነበር የምገምተው፤ የእነሱ ይሻላል።

ጭላዳውንም ፈለግንላት። ከጁኖ መሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሜንደንሆል የሚባል የበረዶ ግግር አለ፤ አውቶቡስ ይሄዳል። አጠገቡ ስቲፕ ክሪክ በሚባል ጅረት ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል፤ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ሳልሞን ሲገባ ጥቁር ድብ ይመጣበታል። ድቡ ቢቀር በረዶው አለ። አውሮፕላኑ ከተሰረዘ እዚያ እንድትሄድ ተስማማን።

አልተሰረዘም። ሄዱ፤ ድቦች አዩ፣ ግን ከሩቅ። ባሏ በመልሱ በረራ ሲያስመልሰው ነው የመጣው፤ እስከ ዛሬ ገንዘቡ ይቆጨዋል። እሷ ደግሞ ነገ ብትሉኝ እሄዳለሁ ትላለች። እኔ ከሁለቱ በመሐል ነኝ። ረጅም ቀን፣ የጠራ ሰማይና ገንዘቡን የሚመልስ ድርጅት ሲገጣጠሙ ይሄዳል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አውቶቡሱ ይበቃል።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደኛ ከደረሰ ወዲህ በሮቢት የሚያልፍ የእንግዳ መኪና ብርቅ ሆኗል። ቀኑ ደርሶ ከውጭ አገር ለምትመጡ ዘመዶቻችን ግን አስቀድሜ ልለምናችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የመመለሻ ቲኬታችሁንም ለላሊበላና ለአቡነ ዮሴፍ ቢያንስ አንድ አንድ ሌሊት ጨምራችሁ ቁረጡ።