የዝምታ ንባብ፦ የኮሌጅ ተማሪን በርቀትና በኢንተርኔት ትምህርት ስለ ማሳተፍ የቀረበ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የርቀት ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በፊት በፖስታ የሚላክ የተልእኮ ትምህርት ነበር፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲም ከቅጥሩ ውጪ ያጠኑ ሰዎች ለፈተና እንዲቀርቡ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት የዚሁ ረጅም ታሪክ ተከታይ ነው። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ ቆይቷል። ይኸውም መምህሩ በዓይኑ የማያየው ተማሪ በትምህርቱ ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የገጽ ለገጽ ትምህርት ባቋረጡ ጊዜ ይህ ጥያቄ ለብዙ መምህራን የዕለት ሥራ ጥያቄ ሆነ። የማስተማሪያ ጽሑፎች በቴሌግራምና በኢሜይል ተላኩ፤ በተለይም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚሁ መንገድ እንዲቀጥሉ ጥረት ተደረገ። በመምህሩ ፊት የቀረው የስም ዝርዝር ነበር። ከዝርዝሩ አንዳንዱ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፤ ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ ዝምታ የሚሰጠው ፍርድ ቀላል ፍርድ አይደለም፤ አንድ ወጣት በትምህርቱ የሚገፋ ወይም ከመዝገብ የሚሰረዝ መሆኑ በዚያ ፍርድ ይወሰናልና።

በዚህ መስክ በእጅጉ ከሚጠቀሱት ሐሳቦች አንዱ «የጠያቂዎች ማኅበር» የተባለው ነው። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን ይመረምራል፤ የሚያበረክተውን ጥቅም ከገለጸ በኋላም የተማሪን ዝምታ የሚያነብበት መንገድ እንደሌለው፣ በተለይም እንደ ኢትዮጵያ ባለ ሁኔታ ይህ ጉድለት ከባድ ስሕተት ላይ እንደሚጥል ለማሳየት ይሞክራል።

ሀ. የሐሳቡ ይዘትና ጥንካሬ

በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ራንዲ ጋሪሰን፣ ቴሪ አንደርሰንና ዋልተር አርቸር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፒዩተር አማካይነት በጽሑፍ የሚካሄድ የከፍተኛ ትምህርት ውይይት በሦስት ዓይነት ሀልዎት ላይ እንደሚቆም አመልክተዋል። አንደኛው ማኅበራዊ ሀልዎት ሲሆን ተማሪው ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ራሱን እንደ ሙሉ ሰው ለጓደኞቹ የሚያሳውቅበት ነው። ሁለተኛው አእምሯዊ ሀልዎት በማሰላሰልና በውይይት ዕውቀት የሚገነባበት ነው። ሦስተኛው መምህራዊ ሀልዎት ትምህርቱን ማቀድን፣ ውይይቱን መምራትንና በቀጥታ ማስተማርን ያጠቃልላል።

የዚህ ሐሳብ ትልቁ ጥቅም ክርክሩን ከመሣሪያው ወደ ሰው መመለሱ ነው። ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ ሳይሆን በውይይቱ ማነስና በትምህርቱ አሠራር ግትርነት የሚሰፋ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ሦስቱ አጥኚዎች በዚሁ መንገድ ሲቀጥሉ፣ በኢንተርኔት ትምህርት የመምህሩ ሥራ እንደሚቀንስ ይታሰብ የነበረውን አስተሳሰብ ተቃውመዋል። በእነርሱ አመለካከት ጽሑፍን ማሰራጨት ማስተማር አይደለም።

ይህን አቋም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎች ደግፈውታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ ለዓለም ሁሉ በነፃ ክፍት ላደረገው የኢንተርኔት ትምህርት 154,763 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ትምህርቱን በሚገባ አጠናቀው የምስክር ወረቀት ያገኙት 7,157 ናቸው፤ ይህም ከመቶ አምስት አይሞላም። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ለማየት ያህል ብቻ ገብተው ይሆናልና ቁጥሩን በሙሉ የውድቀት ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም መልካም ዝግጅት ያለው ትምህርት ለብዙ ሰው ማድረስና ብዙ ሰውን ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ለ. ያልተነበበው ዝምታ

የሐሳቡ ጉድለት የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። አጥኚዎቹ የመረመሩት ተማሪዎች የጻፏቸውን መልእክቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ተከታይ ጥናት በአነስተኛ ናሙና ያገኟቸውን መልእክቶች በአራት ደረጃዎች መድበው፣ ጥያቄ የሚያነሡት ከመቶ 8፣ ሐሳብ የሚያፈላልጉት ከመቶ 42፣ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያዋህዱት ከመቶ 13፣ መፍትሔ ላይ የሚደርሱት ከመቶ 4 ብቻ ሆነው አግኝተዋል፤ የቀሩት በየትኛውም ደረጃ አልተመደቡም። ይህ ጠቃሚ ውጤት ነው። ነገር ግን ያልተጻፈ መልእክት በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። የጻፈው ይመደባል፤ ያልጻፈው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ይህ አቆጣጠር ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ማይክል ቦዱዋን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ጥናት አመልክቷል። በኢንተርኔት ውይይት ላይ እምብዛም የማይታዩ ተማሪዎች ሌሎች የጻፉትን በማንበብና በማሰላሰል በርካታ ሰዓት እንደሚያሳልፉ ተረድቷል። ስለዚህ ዝምተኛው ሁሉ የሌለ ሰው አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ሁኔታ ሲመጣ ጉዳዩ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ከውጪ ሲታይ አንድ የሚመስለው ዝምታ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ምክንያቶች አሉትና።

የመጀመሪያው የመስመር ዝምታ ነው። ተማሪው ወደ ወላጆቹ ቀበሌ ሲመለስ መብራትና የኢንተርኔት መስመር ላያገኝ፣ ቢያገኝም የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ በትግራይም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። በእነዚህ ወራት የተማሪውን ዝምታ በስንፍና መተርጐም ፍጹም የተሳሳተ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው የቋንቋ ዝምታ ነው። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በክፍል ውስጥ ያልገባውን ነገር አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ጠይቆ የሚረዳ ተማሪ፣ በኢንተርኔት ውይይት ግን ስሕተቱ በስሙ ተጽፎ ሁሉ እያየው የሚቀር በመሆኑ ከመጻፍ ይታቀባል።

ሦስተኛው የአስተዳደግ ዝምታ ነው። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብሎ ያደገ ወጣት በታላላቆች ፊት መናገርን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው ይችላል። መምህሩን መቃወም በሚያስፈልገው ውይይት ውስጥ እንዲህ ያለው ተማሪ ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን አክብሮት ይዞት ነው።

አራተኛው የስንብት ዝምታ ነው። ተማሪው ትምህርቱን ትቷል፤ ነገር ግን አልተናገረም። የትምህርት ብክነት ተብሎ በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርት የሚገለጸው ይህ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቢታወቅ ምናልባት ሊመለስ ይችል የነበረ ተማሪ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሲታወቅ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

እነዚህ አራት ዝምታዎች የሚሹት መድኃኒት የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ሌላ የመገናኛ መንገድ፣ ለሁለተኛው የቋንቋ ድጋፍ፣ ለሦስተኛው ከአደባባይ ራቅ ያለ የጽሑፍ ዕድል፣ ለአራተኛው ፈጥኖ መፈለግ ያስፈልጋል። አራቱን በአንድ ዓይን የሚያይ አሠራር አንዱንም አይፈውስም።

ሐ. የተሳትፎ መለኪያ ስሕተት

ዝምታን ለመስበር በብዙ ቦታ የሚወሰደው እርምጃ ተማሪው በውይይቱ ላይ በጻፈ ቁጥር ነጥብ መስጠት ነው። ሌላው ደግሞ ተማሪው ስንት ጊዜ እንደ ገባና ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ ከኮምፒዩተሩ መዝገብ መቁጠር ነው። ሁለቱም ለዕቅድ አውጪ የሚመቹ ናቸው፤ በቀላሉ ይደመራሉና። ነገር ግን የመጀመሪያው «ከላይ በተባለው እስማማለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያበዛል እንጂ ሐሳብን አያበዛም። ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፉን በአንድ ጊዜ በስልኩ አውርዶ መስመር በሌለበት ቤት በትጋት ያነበበውን ተማሪ እንደ ቀሪ ሲመዘግብ፣ ገጹን ከፍቶ ወደ ሌላ ጉዳዩ የሄደውን እንደ ትጉ ይመዘግባል።

ከዚህ የተሻለ ምልክት የሚገኘው ከተሠራ ሥራ ነው። በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከዩዳሲቲ ኩባንያ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ሦስት ትምህርቶችን በኢንተርኔት ሰጥቶ ነበር፤ የሚያልፉት ተማሪዎች ጥቂት በመሆናቸውም ሙከራው በዚያው ዓመት ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ። ውጤቱ በተመረመረ ጊዜ ማን እንደሚያልፍ ከሁሉ ይበልጥ ያመለከተው የተማሪው የቀድሞ ሁኔታ ሳይሆን ሠርቶ ያስረከበው የመልመጃ መጠን ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ግኝት «ተማሪው ቢተጋ ኖሮ» የሚል መደምደሚያ ለማውጣት የሚፈልግ አይጠፋም። ሆኖም ትጋት ብቻውን አይቆምም። የሚያስረክበው ሥራ አንባቢ እንደሌለው የተረዳ ተማሪ ቀስ በቀስ ማስረከቡን ይተዋል።

መ. መልስ እንደ ትምህርት ሥርዓት

የእንግሊዝ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። ሃሮልድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሳቡን ሲያቀርቡ ስሙ «የአየር ዩኒቨርሲቲ» ነበር፤ ተስፋ የተጣለውም በአየር ሞገድ ላይ ነበር። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 ከሃያ ሺህ በላይ ተማሪዎችን ይዞ ማስተማር ሲጀምር ግን ዋናው ሸክም የወደቀው በታተሙ መጻሕፍትና የቤት ሥራን እያረሙ ማብራሪያ ጽፈው በሚመልሱ አስጠኚዎች ላይ ነው። የኮርስ ትምህርቶቹ በቢቢሲ መሰራጨታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያበቃ ዩኒቨርሲቲው አላበቃም፤ የቆመበት ዓምድ ሌላ ነበርና።

ይህ ዓምድ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ገለል ብሎ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የቅኔ ነገራ ሥርዓት የተማሪውን ብቸኝነትና የመምህሩን መልስ አጣምሮ የያዘ ነው። ብቸኝነቱ ጉዳት የማይሆነው መልሱ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ነው። በአንፃሩ በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ (ዓ.ም.) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ የተሰጠው ትምህርት፣ ጥያቄ ጠይቆ የተወሰነ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ወደ ፊት ያልፍ እንደ ነበር መምህራን ያስታውሳሉ። በሳተላይት የመጣ ትምህርት የተማሪውን ድምፅ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ከዚህ በመነሣት ለኮሌጅ መምህራን ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ ትምህርቱ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጭር የጽሑፍ ሥራ ቢሰጥ ዝም ያለው ማን እንደሆነ በጊዜ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ሥራውን ላላስረከበው ተማሪ ማስጠንቀቂያ ከመላክ በፊት በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ የእርማቱ መልስ የሚደርስበት ቀን አስቀድሞ ተነግሮ ሊከበር ይገባዋል፤ ከነጥቡም ጋር ቢያንስ አንድ ተማሪው ሊሠራበት የሚችል አስተያየት ሊኖረው ያስፈልጋል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ የሚቀረው ሒሳብ ነው። አንድ መምህር ሁለት መቶ የርቀት ተማሪዎች ቢኖሩት፣ በሴሚስተሩ አራት የቤት ሥራ ቢሰጥና ለአንዱ ወረቀት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢያውል፣ ጠቅላላው 200 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በሳምንት አርባ ሰዓት ለሚሠራ ሰው አምስት ሙሉ ሳምንት ማለት ነው። ይህ ሰዓት በሥራ ድልድልና በበጀት ካልተያዘ መልሱ አይጻፍም፤ መልሱ ካልተጻፈም ለኮምፒዩተርና ለመስመር የወጣው ገንዘብ የሚፈለገውን ፍሬ አይሰጥም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ሚኒስቴሩ በርቀት የሚሰጥ የከፍተኛ ትምህርት እንዲቆም ያዘዘው፣ ኋላም መልሶ የፈቀደው፣ ከጥራት ጋር በተያያዘ ሥጋት ነበር። ጥራት የሚጠበቀው ግን በመከልከልም ሆነ በመፍቀድ ብቻ አይደለም፤ የተማሪው ወረቀት በእርግጥ መነበቡን በማረጋገጥ ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

የሦስቱ ሀልዎቶች ሐሳብ መምህሩን ወደ ትምህርቱ ማዕከል በመመለሱ ሊመሰገን ይገባዋል። መስመሩ ያልተቋረጠ፣ ተወያዩ የማይፈራ፣ ቋንቋው የማያስቸግር ተማሪን እንደ መነሻ በመውሰዱ ግን ለሌላ አካባቢ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በኢትዮጵያ ኮሌጆች ሥራ ላይ ሲውል አንድ ተጨማሪ ተግባር ይሻል፤ ይኸውም የዝምታውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ነው። የተማሪ ተሳትፎ የሚጀምረው ተማሪው በጻፈበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ዝም ባለበት ጊዜ «ምን ገጠመህ?»፣ «ምን ገጠመሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በተመደበለትና የጠያቂውም ሰዓት በዕቅድ ውስጥ በተቆጠረ ጊዜ ይጀምራል።