መምሰልና መተርጐም፤ የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን መጽሐፍ በዋጃ ሜዳ ስናነበው

የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ሠዓሊን ይነቅፋል። አናጢ የአልጋን ሐሳብ ተመልክቶ አልጋ ይሠራል፤ ሠዓሊው ግን የአልጋውን መልክ ብቻ ይቀዳልና ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ይርቃል ይላል። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመምሰል የሚማር መሆኑን ያስረዳል። ይህ ክርክር ለሥዕልና ለቅኔ ብቻ ሳይሆን ለሀብትም ነገር ይጠቅመናል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን ያስተምራሉ። ዕውቀት የጐደለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም ይለውጣል፤ ውሎ አድሮም ለዐዋቂው ሕዝብ ተገዥ ይሆናል። እንግዲህ የአውሮፓን ዕቃ መግዛት አውሮፓን መምሰል አይደለም፤ እንደ ሠዓሊው መልክን መቅዳት ነው እንጂ። ይህ ትርጓሜ ዛሬም አላረጀም።

ነገር ግን መጽሐፉ ዕውቀትን በብዛት ከውጭ የሚመጣ አድርጎ ያየዋል። በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ አካባቢ እንደ ሌላው የራያ ቆላ ሁሉ ገበሬው ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመራ ማሽላውን ያጠጣል። መቼ እንደሚከፍት፣ ለማን ተራ እንደሚሰጥ ያውቃል። ይህን ሰው ማሽላውን ሸጦ የፋብሪካ ልብስ ስለ ገዛ ብቻ ዕውቀት የሌለው ብንለው እንበድለዋለን። የጐደለው የዕውቀቱን ዋጋ የሚመዝንለት ገበያ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ከዚህ ስሕተት አልዳኑም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጥያቄው ከአገሩ አፈር የወጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን የከበርቴውን ሥርዐት የሚነቅፈው ቋንቋ በብዙው ከሌላ አገር አብዮት የተቀዳ ስለ ነበር፣ ገበሬው ስለ ውሃውና ስለ እህሉ የሚያውቀውን ለመጠየቅ አልተመቸም። ስለዚህ ነቀፋም ራሱ መልክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚጠቅመው ቃሉን በመድገም አይደለም። እርሳቸው የዘመናቸውን ንግድ እንደ መረመሩ እኛም የየአገራችንን ገበያ ስንመረምር ነው። የዋጃ ገበሬ የተራራውን ጎርፍ ሲቀበል ቦዩን የሚቆፍረው በራሱ ማሳ ልክ ነውና።