መጀመሪያ ቦታው

የጭንቅላት ኤምአርአይ ሲከፈት የማንም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ደምቆ በሚታየው ነገር ላይ ነው። ራዲዮሎጂስት ግን ስሙን ከመገመቱ በፊት ቦታውን ይጠይቅ፤ ከአንጎሉ ውስጥ የበቀለ ነው ወይስ ከውጭ ሆኖ የሚጫነው? የተማሪዎቼ ሪፖርት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ይህች ጥያቄ ስትዘለል ነው።

ሃርቪ ኩሺንግ በ1922 ስም ያወጣለት ሜኒንጂዮማ ከውጭ ይጫናል። ከአንጎል ሽፋን ተነሥቶ በሰፊው ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ኮንትራስት ሲሰጥ ወጥ ሆኖ ይደምቃል፤ ብዙ ጊዜም ሽፋኑን ተከትሎ ጭራ ያወጣል። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። እድገቱ አዝጋሚ በመሆኑ አንጎል ቦታ እየለቀቀለት ይኖራል። ዕጢው ብርቱካን አክሎ ሳለ ሕመምተኛዋ የምትናገረው “አልፎ አልፎ ራሴን ያመኛል” ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከአንጎሉ ውስጥ የሚበቅለው ግላዮብላስቶማ ግን እንዲህ አይታገሥም። መሀሉ የሞተ፣ ዙሪያው የተዛባ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱ ድንበር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሕዋሳቱ አልፈውት ሄደዋል፤ አንዳንዴም ግራና ቀኝ አንጎልን በሚያገናኘው ድልድይ ማዶ ይሻገራሉ። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ሁሉ አውጥቶም በሽታው የሚመለሰው ለዚህ ነው። በ2005 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ ጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ሲጨመር የታማሚዎቹ ሚዲያን ዕድሜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ብቻ ነው የተራዘመው። ከ2021ዱ የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ወዲህ ደግሞ ስሙ የሚጸናው ናሙናው ላይ የአይዲኤች ዘረ መል ሲመረመር ነው። ፊልም ብቻ አይቶ ቁርጥ አድርጎ የሚፈርም ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ደግሞስ ቀለበት ሁሉ መች ዕጢ ሆነ! በተለይ እኛ አገር ቲቢም፣ ቶክሶፕላዝማም፣ መግልም ቀለበት ይሠራሉ። የኤችአይቪ ውጤት ሳይጠየቅ ስለ ቀዶ ሕክምና ማውራት ለእኔ ችኮላ ነው፤ በኤችአይቪ ሳቢያ የመጣ ቶክሶ ከሆነ በኮትሪሞክሳዞል በሁለት ሳምንት ገደማ መቀነስ ይጀምራል።

ልጅ ሲሆን ትንሹን አንጎል አስቀድማለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰውና ሲራመድ የሚንገዳገድ ልጅ ለወስፋት ሲታከም ሊከርም ይችላል። ሜዱሎብላስቶማ ከሆነ ወደ አከርካሪም ስለሚረጭ ጀርባውም በኤምአርአይ ይነሣል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከነጉብታው ከታየ ግን ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ሳይሆን አይቀርም፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ልጁ ብዙ ጊዜ ይድናል።

የፒቱታሪን ዕጢ ባጭሩ ልለፈው። ወደ ላይ አድጎ የዓይን ነርቮችን ሲጫን የግራና የቀኝ ዳር እይታ ይጠፋል። የወር አበባ ከቀረና ሳይወለድ ጡት ወተት ካወጣ፣ ያ ዕጢ ፕሮላክቲን ሆርሞን የሚያመነጭና ያለ ቢላዋ በካበርጎሊን ክኒን የሚሟሽሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንም ባይጠይቀኝም ሪፖርቴ ግርጌ “ፕሮላክቲን ይለካ” ብዬ እጽፋለሁ።